እንዳትነሺ

ፈትለወርቅ ደምሌ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው እንደ ሌባ ነው። ዓይኗን ገልጣ ዝም ብላ ትተኛለች። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ፣ ራስጌዋ ካለው ብርጭቆ ጨው የበዛበት ውኃ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣለች። የእግር ጣቶቿን ወደ ራሷ ትስባለች፣ ባቷን ታጠነክራለች፣ ጭኗን ከጭኗ ታጣብቃለች፣ እጇን ጨብጣ ትፈታለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ከብርድ ልብሱ ሥር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ገና አልበራም። ሲበራ አንዲት ለስላሳ ድምፅ «እንደምን አደሩ ፈትለወርቅ፤ እባክዎ ይነሱ» ትላታለች። እሷም ምንም እንዳላደረገ ሰው ብድግ ትላለች።

ከዚያ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከአንገቷ አጥንት ሥር የተለጠፈው ልጥፍ ሥራውን ይሠራል። ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ልብ ቶሎ ካልመታች፣ የደም ሥር ካልተኮማተረ ዓይን ይጨልማል። ጤነኛ ሰው ይህን ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። ማንም ሳያዘው በራሱ የሚሠራ ነርቭ አለ፤ ልብ የሚያስመታው፣ ላብ የሚያወጣው፣ የበላነውን የሚያንሸራሽረው እሱ ነው። በእነ ፈትለወርቅ ዘር ደግሞ ቀድሞ የሚዝለው ይኸው ነርቭ ነው፤ እጅ መወራጨት ሳይጀምር፣ ምላስ ሳይተሳሰር፣ ከብዙ ዓመት በፊት። መስታወቱ አረንጓዴ ከበራ ቀኑ ቀን ነው። ቢጫ ከበራ፣ እንግዲህ ቢጫ ነው።

በሽታውን ሐኪሞች በፈረንጅ ስሙ ይጠሩታል። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ «ውርስ» ይለዋል። ከአባት ወይም ከእናት ይወርዳል፤ ለልጅ መድረሱና አለመድረሱ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው። መድኃኒቱ አልተገኘም። የተገኘው አስቀድሞ ማወቂያው ነው፤ ሰው መድኃኒት ሲያጣ ደግሞ ደንብ ያወጣል።

ደንቡ ክፉ አይመስልም። ማንም አይታሰርም፣ ማንም አይመታም። ውርስ ያለበት ሰው ልጥፍ ይለጥፋል፣ በየጠዋቱ ይነበባል፤ ቢጫው ሲደጋገም የነርቭ ጥንቃቄ ጽሕፈት ቤት ይጠራውና ፊርማው ይታጠፋል። በቃ። ፊርማው የታጠፈ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል። ቤቱን መሸጥ ወይም ደሞዙን ማውጣት፣ «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ግን አይችልም። የሚልለት ሌላ ነው። ልጅ ካለው ደግሞ የልጁም ጉዳይ የጽሕፈት ቤቱ ይሆናል።

ፈትለወርቅ እንቅልፍ ያጣችው በዚህ በመጨረሻው ነው። ልጇ ሐመልማል አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጥፍ የላትም። ውርሱ ይድረሳት አይድረሳት የሚያውቅ የለም፤ እሷም ማወቅ አልፈለገችም። «እማ፣ እንደ ሰው ልኑር፤ ሲመጣ ይምጣ» ብላለች። ደንቡ ለወላጅ «ልጄ አትመረመርም» የማለት መብት ይሰጣል፤ ወላጁ ፊርማ እስካለው ድረስ። ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ ራሷ እምቢ ማለት ትችላለች። እስከዚያ በሐመልማልና በልጥፉ መካከል ያለው የእናቷ ፊርማ ብቻ ነው። አባትዬው የሚስቱ ውጤት የተነገረ ሰሞን ለሥራ ብሎ ሎጊያ ወርዶ በዚያው ቀርቷል፤ የወንድ ነገር።

ፈትለወርቅ ደረቅ ወደቡ ውስጥ ተቀምጣ ሾፌር የሌላቸውን የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን የምታወርድ ሠራተኛ ናት። ሥራዋን ታውቃለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ነገር አትረሳም። አንድ ችግሯ ግን አስተዳደጓ ነው።

እናቷ እትዬ ደብሪቱ በመነሳት ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ ቤት ያለው ሁሉ ብድግ ይላል፤ «ኖር» ይባላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ይላል፤ ከዚያ ነው መቀመጥ። ፈትለወርቅ አንድ ጊዜ በልጅነቷ ቆሎ እየበላች ሳትነሳ ቀረችና እናቷ በእንግዳው ፊት ምንም አልተናገሩም። እንግዳው ሲወጣ ግን ጭኗን እንዲህ አድርገው መዘለጓት፣ ሰንበሩ ሰነበተ። «ሰው ገብቶ የማይነሳ ማን ነው? በድን ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያ እግሯ ጠቢብ ሆነ። ኮቴ ሲሰማ ይነሳል፤ እሷን አያማክርም።

ዘመኑ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ድንገት መነሳት ለውርሰኛ የገዛ ራስን መክሰስ ነው፤ ልጥፉ ሌት ተቀን ያነባልና። ስለዚህ ውርሰኞች መነሳት ተዉ። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ በኩል የእነሱ መቀመጫ አለ፤ ቄስ ቢገባ፣ ሼህ ቢገባ ከዚያ የሚነሳ የለም። ሰርግ ላይም እንዲሁ። መጀመሪያ ሰው አዘነላቸው፤ ኋላ «አይነሴዎች» የሚል ስም ወጣላቸው። ዛሬ በደህናው ቀን እንኳ አንድ ወጣት ቁጭ ብሎ ከቀረ «ምነው፣ አይነሴ ነህ እንዴ?» ይባላል። እየቆየ ጤነኛውም መነሳት ተወ፤ ምቾት አይጠላም።

ሐመልማልን ያሳደገቻት በዚህ ነው። ልጥፍ የሌለውን ሰው የሚያነበው ሰው ነው፤ ከውርሰኛ ቤት የወጣች ልጅ ብድግ ብላ ትንሽ ብትወላገድ፣ ፊቷ ትንሽ ቢገረጣ፣ «ለራሷ ደኅንነት» ብሎ የሚጠቁም ጎረቤት አይጠፋም። አሳቢ የበዛበት አገር ነው። ስለዚህ ፈትለወርቅ ልጇን ገና ስትድህ ጀምሮ አስተማረቻት፤ አስተማሪ ቢገባ እንዳትነሺ፣ ትልቅ ሰው ቢመጣ እንዳትነሺ፣ ቢሰድቡሽም እንዳትነሺ። አንድ የእትዬ ደብሪቱ ዘመድ ከሐይቅ መጥተው ልጅቷ ከወንበሯ ሆና እጇን ስትዘረጋላቸው፣ «ይኼ ነው እንግዲህ የደብሪቱ ዘር?» ብለው ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። ፈትለወርቅ በኀፍረት ተቃጠለች። ልጇን ግን «ጎበዝ» አለቻት።

በግንቦት ሙቀቱ ሲብስ ቢጫው መጣ። አንድ ጠዋት፣ ከዚያ ሌላ ጠዋት። ጨዉን ጨመረች፤ ምሽት ላይ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የሚያጠብቀውን ሱሪ ለብሳ ማደር ጀመረች። ቢጫው አልሄደም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ መስታወቱ በዚያች ለስላሳ ድምፅ ጽሕፈት ቤት መጠራቷን ነገራት። ይግባኝ አለች። ይግባኝ ማለት በአዳራሽ ፊት አንድ ጊዜ መነበብና ጠባይዋ አለመለወጡን የሚናገር አንድ ምስክር ማቅረብ ነው፤ ውርስ ጠባይን ቀድሞ ይነካል ስለሚባል።

ምስክር እንዲሆኗት የለመነቻቸው የእድራቸውን ዳኛ ጋሽ አራጋውን ነው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ልጥፍም መስታወትም የሌላቸው ሰው ናቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፤ ስለ አንቺ ደግ ነገር መናገር ምን ያደክማል» አሏት።

በቀጠሮው ቀን እናትና ልጅ በጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ተራ ሲጠብቁ ሐመልማል ወደ እናቷ ጠጋ አለች።

«እማ፣ ጋሽ አራጋው ሲገቡ እንዳትነሺ።»

«ምን ነካሽ? ለዚህ ደግሞ ትነግሪኛለሽ?»

«አውቅሻለሁ እኮ።»

«ቁጭ እላለሁ አልኩሽ።»

«ማይልኝ።»

«ሐመልማልን! በቃሽ?» አለች ፈትለወርቅ። በልጇ ስም ምላ አታውቅም ነበር።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ማቀዝቀዣው ለመሣሪያዎቹ እንጂ ለሰው አልተሠራም። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ሶልያና የምትባል ወጣት ናት፤ ትሑት፣ ቃሏን የምትመርጥ። ከጀርባቸው ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለ። ሐመልማል ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ፈትለወርቅን አስተኝተው አነሷት። ባቷን እስኪያማት አጠንክራለች። መስታወቱ አሰበ፣ አሰበና አረንጓዴ በራ። ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች።

«በጣም ጥሩ ነው። አሁን ወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ምስክሩ እስኪመጡ እንዳይነሱ። አዳራሹ ውስጥ እስካሉ ድረስ የሚነበበው ሁሉ ይያዛል።»

«አልነሳም» አለች ፈትለወርቅ።

ጋሽ አራጋው ዘገዩ። ታክሲው ለልጥፍ የለሽ ሰው በር አልከፍትም ብሎ በእግራቸው እየመጡ ነበር። ሙቀቱ በረታ። የፈትለወርቅ ፊት በላብ ራሰ፤ ከወገቧ በታች ግን ጠብ አይልም፣ ውርስ ላቡንም እንዲህ ከፍሎ ነው የሚያወጣው። የጠጣችው ውኃ አለቀባት፤ እግሮቿ ከበዱ። ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ሐመልማል አውራ ጣቷን አሳየቻት። ትንሽ ነበር የቀራቸው።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ አራጋው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደፉ ላይ ቆሙ። «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ «እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ይግቡ» አለቻቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ከፊታቸው ካለው ነገር ዓይናቸውን አላነሱም። ሽማግሌው ግን አልገቡም። እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ፣ ቤቱ እስኪነሳላቸው ደፉ ላይ ትንሽ ቆዩ። ማንም አልተነሳም። ዓይናቸው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሄደ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዙረው አዙረው ጎንበስ አሉ፣ የተዋረደ ሰው እንደሚያደርገው።

ፈትለወርቅ ይህን አየች። ኀፍረቱ እሷን ነው የያዛት።

«ኖር፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰማች። የራሷ ድምፅ ነበር። ቆማለች።

«በእግዜር፣ በእግዜር ልጄ። በሞቴ ተቀመጪ» አሉ ጋሽ አራጋው። ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወለሉ ራቀ። ጆሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር እንደ ወንዝ ጮኸ፤ አዳራሹ ከዳር ዳር ጠቆረ። የወንበሩን ድጋፍ ጨበጠች። ልቧ እንድትነሳላት ለመነቻት፤ ልቧ ግን እንደ ሰነፍ ገረድ ተጎተተች። ሳትወድቅ ቆመች፣ እሱን ይቁጠሩላት። መስታወቱ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው ቀላ።

ከኋላዋ ሐመልማል «እማ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ አራጋው መስታወቱን ማንበብ አይችሉም። ከዘራቸውን ተደግፈው የመጡበትን ምስክርነት በሙሉ ልባቸው ሰጡ። «ይቺ ልጅ የጨዋ ልጅ ናት። ጠባይዋ አልተለወጠም፣ እንዳውም ከድሮው ይበልጣል። ለቅሶ አትቀርም፣ የታመመ ትጠይቃለች። ምን አስለፈለፈኝ፣ አሁን በዓይናችሁ አይታችኋል። እዚህ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ለእኔ ለሽማግሌው የተነሳ ማን ነው? እሷ ናት። በሽተኛ እንዲህ ይሆናል?»

«እናመሰግናለን አባት» አለች ሰብሳቢዋ። «ተመዝግቧል። እባክዎ ውጭ ይጠብቁ።» ጋሽ አራጋው እጅ ነስተው ወጡ።

ሦስቱ ተንሾካሾኩ። ረጅም አልነበረም። ሰብሳቢዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ የፈትለወርቅ ፊርማ ከዛሬ ጀምሮ መታጠፉን ተናገረች።

«ለሽማግሌ ነው የተነሳሁት» አለች ፈትለወርቅ። «ለሌላ አይደለም። ቅድም አረንጓዴ ነበርኩ፤ አይታችሁኛል።»

«ገብቶኛል። የእኔም አያት እንደዚህ ነበሩ።» ሶልያና ያዘነች ትመስላለች፤ ምናልባትም አዝናለች። «መስታወቱ ግን ለምን እንደተነሱ አይጠይቅም። እንዳይነሱም ነግረንዎት ነበር።»

«እሺ፣ የኔን ውሰዱት። ልጄን ተዉልኝ። ሁለት ዓመት ብቻ ታገሱኝ፤ ሁለት ዓመት ምናችሁ ነው?»

«ይህን ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ፊርማ ያለው ሰው ነው» አለች ሰብሳቢዋ።

አንዲት ነርስ ከጎን ክፍል ወጥታ ሐመልማልን በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ ከአግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተነሳች፤ መጀመሪያ ጉልበቷን ይዛ፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ አንገቷን፣ እንደተማረችው። ፈትለወርቅ አብራት ልትገባ ስትል ነርሷ በሩ ላይ አስቆመቻት። አጅቦ ለመግባትም ፊርማ ያስፈልጋል።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ አራጋው አጠገቧ ተቀመጡ። ነገሩ ደህና ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ነው የተጠራጠሩት።

«ምን አሉ?»

«ፊርማዬን አጠፉት፣ ጋሼ።»

«እንዴት? እኔ ደህና አድርጌ አልተናገርኩም?»

«ደህና አድርገው ተናግረዋል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቆረቆሩ። የከነከናቸው ነገር አለ፤ ለማን እንደሚናገሩት ጠፋቸው እንጂ። «መቼም አትቀየሚኝ። ልጅቷ ግን አልተነሳችልኝም። ቁጭ ብላ ነው ያየችኝ። የአንቺን ልጅ እንዲህ አልጠበቅኳትም።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ፈትለወርቅ። «እንዳትነሳ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ጋሼ። መነሳት ነው ያጠፋኝ። አሁን እርስዎ ሲገቡ መነሳቴ ነው ፊርማዬን የወሰደው።»

ጋሽ አራጋው ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው ከዘራው እጃቸው ውስጥ ዝም አለ።

«ታዲያ ለምን ተነሳሽ?» አሉ። «እኔ ምን እሆን ነበር? ቆሜ እገባ ነበር እኮ።»

«እኔ እንጃ። አላዘዝኩትም፤ ራሱ ተነሳ።»

«ምነው እግሬን በሰበረው» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው።

በሩ ተከፈተና ሐመልማል ወጣች። የሸሚዟ የላይኛው ቁልፍ ተፈቷል። ከአንገቷ አጥንት ሥር አዲሱ ልጥፍ ያብረቀርቃል፤ ዙሪያው ቆዳዋ ቀልቷል። ፈትለወርቅ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ምን አሉሽ?»

«ነገ ጠዋት መስታወቱ ይነግርሻል አሉኝ።»

«አይደርስሽም፣ ልጄ። አያትሽን ነው የመሰልሽው፣ እትዬ ደብሪቱን ቁርጥ ነሽ። እሳቸው ጤነኛ ነበሩ።»

ሐመልማል ሽማግሌውን አየቻቸው። በዓይኗ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርባት ለእናቷ ይቀልላት ነበር። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ዞረሽ አይተሽኝ ነበር» አለች። «እዚያ ተቀምጬ አይተሽኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«ለእሳቸው መነሳት ቻልሽ። ለእኔ መቀመጥ አቃተሽ።»

ጋሽ አራጋው አቀርቅረዋል። ሐመልማል እናቷ ተደግፋ እስክትቆም ታገሰቻት፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ ወሰደችላትና ቀድማት ወደ መውጫው ሄደች።